አባቴን አላሳንስም

ሰኞ ጠዋት የመድኃኒት መስኮቷ አላወቀችኝም።

እንደ ሁልጊዜው ከአራተኛ ፎቅ በእግሬ ወርጄ ከብሎካችን ሥር ካለችው መስኮት ፊት ቆምኩ። ሌላ ቀን ቢሆን ገና ስቀርብ “እንደምን አደሩ አቶ ሮቤል” ትልና መሳቢያዋ ትወጣለች። ውስጧ ለአንድ ቀን የምትበቃ የዓይን ጠብታ አለች። እዚያው አንገቴን ቀና አድርጌ ሁለቱም ዓይኖቼ ላይ ጠብ አደርግና ወደ ዳቦ ቤት እሄዳለሁ። ያን ቀን ግን መሳቢያዋ አልወጣችም። ቀረብ አልኩ፣ ራቅ አልኩ፣ ኮፍያዬን አወለቅኩ። ድምፄን ብትሰማ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

“ከመስኮቱ ፊት ሰው የለም” አለች።

ለሌላ ሰው የተናገረች መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ከኔ በቀር ማንም አልነበረም።

መስኮቷን የምትቆጣጠረው ልጅ ወጣች። “አባባ፣ ምን ልርዳዎት?”

“ጠብታዬን።”

እጇ ላይ ያለችውን ስክሪን አየች። እኔን አየች። ደግማ ስክሪኗን አየች።

“አባባ፣ እያየሁዎት ነው” አለችኝ በትሕትና። “ግን የሉም።”

ክው አልኩ። በጉብዝናዬ ወራት ተራ አስከባሪ ነበርኩ፤ ስድብም ግልምጫም ጠግቤአለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። “አንቺ ልጅ፣ ቆሜ እያነጋገርኩሽ?” አልኳት።

“አዎ፣ እየሰማሁዎት ነው። የቤታችሁ ገጽ ላይ ግን የሉበትም። ገጹ ላይ ለሌለ ሰው መድኃኒት ብሰጥ እኔ ነኝ የምጠየቀው።” ከዚያ ደግሞ “አይዞዎት” አለችኝ፤ ተመልሳ ገባች።

የዓይን ግፊት የሚሉት ነገር አያምም። ክፋቱም እሱ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ሲያገኝብኝ አስቀምጦ ነግሮኛል፤ ጠብታው ከቀረ እይታዬ ከጎንና ከጎን እየጠበበ ይመጣል፤ አንዴ የጠፋውን ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ሌላ ቦታ ሄዶ መድኃኒት መግዛት የሚባለው ነገር ከቀረ ቆይቷል። የማገኘው ከዚያች መስኮት ነው፤ ካልሆነም ከክሊኒኩ።

ስለዚህ ወደ ክሊኒኩ ልሂድ ብዬ ፌርማታው ላይ ቆምኩ። አውቶቡስ የሚቆመው ሰው ላለበት ፌርማታ ብቻ ነው። አንዱ ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ አለፈኝ። ሁለተኛውም አለፈኝ። ዘንቢል የያዘች ሴት መጥታ አጠገቤ ስትቆም ቀጣዩ ቆመ፤ እኔም ከኋላዋ ተለጥፌ ገባሁ። ሒሳብ አልተጠየቅኩም። ከሌለ ሰው ምን ሒሳብ ይጠየቃል።

ክሊኒኩ ውስጥ ባዶ ወንበር አገኘሁና ተቀመጥኩ። አንድ ጎረምሳ የእጁን ስክሪን እያየ መጥቶ ጭኔ ላይ ሊቀመጥብኝ ሲል “ኧረ በሕግ!” ብዬ ጮህኩ።

“ይቅርታ አባባ፣ ባዶ ነው ስለሚል ነው” አለኝ።

ይቅርታውን ጠይቆ ሲያበቃ ግን አልሄደም። እስክነሳለት ድረስ ፊቴ ቆመ። ተነሳሁለት። ለምን እንደተነሳሁለት ዛሬም አይገባኝም።

ሲስተሯ ከክፍሏ ብቅ እያለች ስም ትጠራለች። “ሲስተር፣ የኔ ተራ መቼ ነው?” አልኳት።

የእጇን ስክሪን አየት አድርጋ “ተራ የለዎትም አባባ። አረፍ ይበሉ እስኪ፣ ደክሞዎታል” አለችኝ።

እኔን ነው ተራ የለህም ያለችኝ። ስንቱን ሰው ኮሌታውን ይዤ ወደ ሰልፉ የመለስኩ፣ ስንቷን ነፍሰ ጡር ከፊት ያሳፈርኩ ሰውዬ። ጥግ ይዤ እስከ ምሳ ሰዓት ቆምኩ። በማግሥቱም ሄድኩ፣ በሦስተኛውም ቀን ሄድኩ። በየቀኑ አይታኝ በየቀኑ አረፍ ይበሉ አለችኝ። ሰው አይቶ እንዳላየ ሲያልፍህ መስደብ ትችላለህ። በትሕትና እያናገረህ የለህም ሲልህ ግን ምን ትላለህ? 

ቤት ስገባ ሳሎን ግድግዳው ላይ የቤታችን ገጽ በርቷል። ከላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እኔ ነኝ። ነጭ ጋቢ ለብሼ፣ “የተከበሩ አቶ ሮቤል ይርዳው” ተብዬ። ከሥሬ ልጄ ሶሊያና በትንሽ ሳጥን አለች። ጥግ ላይ “ለሁሉም ተደራሽ” የምትል አረንጓዴ ማኅተም አለች።

ገጹን የሠራችው እሷ ናት። ማንኛውም ቤት ገጹን በራሱ ሰው እጅ መሥራት አለበት የሚል ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ከሥራ መልስ የጀማሪዎች ትምህርት ገብታ ስትደክም ከረመች። ከዚያ ሰኞ በፊት ባለው እሑድ ጨርሳ ጎረቤት ጠርታ አሳይታለች። ፊደሉ ዓይኑ ለደከመ ይተልቃል፣ ቀለሙ ደመቅ ያለ ነው፣ ለማያይ ሰው በድምፅ ይነበባል። “ለአባዬ ዓይን ብዬ ነው” እያለች ስትናገር እንባዬ መጥቶ ነበር፤ ዋሽቼ አልናገርም። አሁን ግን ያንን ግድግዳ ሳይ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። እዚህ አለሁ። ውጭ የለሁም። ገጹን የነካ ሌላ እጅ ደግሞ የለም።

መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። አኮረፍኩ። ኩርፊያ በኛ ቤት በዘር የመጣ ነው፤ አባቴ ከታላቅ ወንድሙ ጋር እንደተኳረፈ ነው ያረፈው። “አባዬ፣ ምን ሆነሃል?” ትለኛለች። “ምንም” እላታለሁ። “ምግቡ አልጣፈጠህም?” “ጣፍጦኛል።” እንዲህ እያልን ሰነበትን። ሰውየውን ከገጽ ላይ አጥፍታ ቤት ውስጥ ምግብ የምታቀርብለት ከሆነ እኔ ምን ቤት ነኝ ብዬ ለልመና እቀርባለሁ?

ማታ ማታ የመብራቱ ዙሪያ ቀለበት መሥራት ጀመረ። በግራ በኩል ያለው በር ጠርዙ ደብዘዝ አለብኝ። አውቄዋለሁ። ፈራሁም። ለሷ ግን አልተነፈስኩም፤ ወረዳ ሄጄ እከሳለሁ አልኩ።

የወረዳው አዳራሽ በር አጠገብ መዳፍ የምታክል ስክሪን አለች፤ በሩን የምትከፍተው እሷ ናት። እንደማታየኝ ስለማውቅ ከአንድ ባለጉዳይ ጀርባ ተለጥፌ ገባሁ። ውስጥ ግን ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ስክሪን ነው። ገና እግሬ ሲገባ፦

“እንኳን ደህና መጡ፣ የተከበሩ አቶ ሮቤል ይርዳው!” አለ፤ አዳራሹ አስተጋባ።

ቀና ስል ራሴን አየሁ። እንደ ሕንፃ ገዝፌአለሁ። ፂሜ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አጠገቤ ያለውን ባንኮኒ ያዝኩ።

“ይኸው አሉ አይደል አባቴ?” አለኝ ጸሐፊው። “ቅሬታዎ ምንድን ነው?”

“ውጭ የለሁም።”

“እዚህ ግን አሉ።”

“እዚህማ አለሁ። መድኃኒት ቤት የለሁም፣ አውቶቡስ ላይ የለሁም...”

“እኔ የማየው እዚህ ያለውን ነው። ገጻችሁ ደግሞ የተደራሽነት ማኅተም አለው፤ እንከን የለበትም።” ጣቱን አንዴ ነካ አደረገ። “ቅሬታዎ ተፈቷል። ቀጣይ።”

ከግድግዳው ፊት አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። የተቀመጡት ባለጉዳዮች መስለውኝ ነበር፤ ሳስተውል ሁሉም ሽማግሌና አሮጊት ናቸው። ማንም አይጠራቸውም፣ እነሱም ማንንም አይጠብቁም። ዳር ላይ ሹራብ የምትሠራ ሴትዮ ጠጋ አለችልኝ።

“አዲስ ነዎት?” አለችኝ።

“የምን አዲስ?”

“ይቀመጡ። ፌቨን እባላለሁ።” ሹራቧን ጭኗ ላይ አኖረች። “ነገሩ እንዲህ ነው። ከበር በሚሰፋ ስክሪን ላይ አለን፤ ከበር በሚጠብ ስክሪን ላይ የለንም። ከተማው ውስጥ ደግሞ ሰፊ ስክሪን የቀረው እዚህና በየሳሎናችን ነው። እዚህ ሻዩም ምሳውም የሚመጣው በዚህ ግድግዳ ላይ ባለ ስም ስለሆነ ለኛም ይመጣል። ጠዋት ከሠራተኞቹ ጋር እንገባለን፣ ማታ ከሠራተኞቹ ጋር እንወጣለን። በመሐል በሩ አያወጣንም።”

“ማነው እንዲህ ያደረጋችሁ?”

“ልጆቻችን ናቸዋ።”

“ምን አድርጋችኋቸው ነው እንዲህ የጠሏችሁ?”

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም። “ኧረ የምን ጥላቻ ነው የሚያወሩት? እስኪ ያንን ይዩ።” ወደ ግድግዳው ጠቆመችኝ። በወርቅ ቀለም የተከበበች ፌቨን፣ ባለጥልፍ የአገር ልብስ ለብሳ፣ ግማሹን ግድግዳ ይዛ ቁጭ ብላለች። “ልጄ በጣም ነው የሚያከብረኝ” አለች፤ ሹራቧንም አነሳች።

አልገባኝም። ለመረዳትም ቁጣዬ አላስቻለኝም። እስከ መዝጊያ ሰዓት ከነሱ ጋር ተቀምጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ያን ዕለት ማታ ሶሊያና ሻይ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። “ሻይህን ጠጣ አባዬ።”

“የታለ?” አልኳት።

“አጠገብህ። በግራህ በኩል።”

ዞር ስል ክርኔ መታው። ብርጭቆው ወለሉ ላይ ሲሰበር ነው የነበረበትን ያወቅኩት። ሶሊያና ስብርባሪውን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው።

“ጠብታህን አድርገሃል?”

“አላደረግኩም።”

“ዛሬ ነው ያላደረግከው?”

“ካለፈው ሰኞ ጀምሮ።”

ፊቷ አመድ መሰለ። “ለምን አባዬ? ለምን?”

“የለሁማ” አልኳት። ሳምንት ሙሉ ያጠራቀምኩት ሁሉ በአንዴ መጣ። “አጥፍተሽኝ የለ እንዴ? መስኮቷ የለህም ትለኛለች፣ አውቶቡሱ ጥሎኝ ይሄዳል፣ ጭኔ ላይ ይቀመጡብኛል። ከሰለቸሁሽ በአፍሽ አትነግሪኝም ነበር? ግድግዳ ላይ ሰቅለሽኝ ከደጁ ለምን አጠፋሽኝ?”

ሶሊያና እጇ ላይ ባለችው ስክሪን የቤታችንን ገጽ ከፈተች። ወደ ላይ ገፋችው፣ ወደ ታች ገፋችው። እኔ የለሁም። ደግማ ገፋችው። ከዚያ ሻዩ የፈሰሰበት ወለል ላይ ቁጭ አለች።

“መምህሩ ነው” አለች። “ጠባብ ስክሪን ላይ የማይገባ ሳጥን ካለ ወይ አሳንሱት ወይ ደብቁት አለን። ያንተን ለማሳነስ ሞከርኩ። ፊትህ ጥፍር አከለ። ‘የተከበሩ’ የሚለው ተቆረጠ። የሠራህበት ዘመን፣ ጋቢህ፣ ሁሉም ጠፋ። እንደዚህ አድርጌ ላስቀምጥህ? ሰው ቢያይ ምን ይላል? እጄ እንቢ አለኝ አባዬ። አባቴን አላሳንስም አልኩና ደብቅ የሚለውን ነካሁ። ሰፊው ላይ በክብርህ ትኖራለህ ብዬ።” ዓይኖቿን በመዳፏ ሸፈነች። “አጠገቤ የነበረውም ልጅ እናቱን እንደዚሁ አደረገ። ከክፍሉ ግማሹ እንደዚያው ነው ያደረገው። መምህሩም ጎበዞች፣ ንጹሕ ሥራ ነው አለን።”

ያን ጊዜ ነው አዳራሹ የገባኝ። እነዚያ ሁሉ አግዳሚ ወንበሮች፣ ያ ሁሉ ወርቅ ቀለም።  ቁጣዬን ይዤ የማሳርፍበት አጣሁ። ይቺ ልጅ ሕፃን ሆናም ሳሎን ስገባ ከወንበሯ የምትነሳ ነበረች። ተነሽ ያላት ሰው የለም፤ ከእናቷ አይታ ነው።

“አሳንሺኝ” አልኳት።

“አባዬ...”

“አሳንሺኝ። ጥፍር ላክል። ከፈለግሽ ከእግርሽ ሥር አድርጊኝ። ብቻ ልኑር።”

አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ለመቀመጥም እሷው ናት እጄን የያዘችኝ።  ፎቶዬን አጠበበችው፤ ጋቢው ወጣ፣ ፊቴ ብቻ ቀረ። “የተከበሩ” የሚለውን ልታጠፋ ስትል አቁማ አየችኝ። “አጥፊው” አልኳት። “ከሠላሳ ዓመት በላይ በትራንስፖርት ዘርፍ ያገለገሉ” የሚለውን አጠፋች። የአባቷን፣ የአያቷን፣ የቅድመ አያቷን ስም ደርድራ ነበር፤ እሱንም አጠፋች። አንድ አጭር መስመር የምትበቃ ቦታ ቀረች።

“ምን ልጻፍ?”

“የሆነውን ጻፊ።”

ጻፈች፤ ከዚያ አሳየችኝ። እውነት ለመናገር እኔ አላየሁትም፤ ለኔ ዓይን በጣም ያነሰ ነው። “አንብቢልኝ” አልኳት።

“ሮቤል፣ አባቴ። ዓይኑን ያመዋል፤ ጠብታውን ስጡት።”

“ይበቃል” አልኳት።

“ሰፊው ላይስ? እዚያ እንደነበርክ ልተውህ?”

“እዚያም አሳንሺኝ። ሁለት ሮቤል መሆን አልችልም።”

ጠዋት ወርጄ መስኮቷ ፊት ቆምኩ። “እንደምን አደሩ አቶ ሮቤል” አለችኝ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ። መሳቢያዋ ወጣች። የመጀመሪያዋን ጠብታ ስቼ ጉንጬ ላይ አፈሰስኳት።

ከሶሊያና ጋር ክሊኒኩ ስንደርስ ሲስተሯ ብቅ ብላ ከሁሉ አስቀድማ ስሜን ጠራች፤ አጣዳፊ ነው ይላል አለች። ሐኪሙ በብርሃን አየኝ፣ በመሣሪያ ለካኝ፣ ከዚያ ነገረን። የቀኙን ማቆየት እንችላለን አለ። የግራው ግን ከጎን በኩል የሄደው ሄዷል። ሶሊያና ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

ሲስተሯ እየጻፈች “ለምን ቶሎ አልመጡም አባባ?” አለችኝ።

“መጥቼ ነበር እኮ። ሦስት ቀን እዚያ ጥግ ቆሜ ነበር።”

“አዎ” አለች፣ ቀና ሳትል። “አስታውሳለሁ።”

  ሲስተሯ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ አዳራሹ ሄድኩ፤ ለብቻዬ። በሩ ራሱ ተከፈተልኝ። የግድግዳው ድምፅ ዝቅ ብሎ “ሮቤል” አለኝ። ከነዚያ ሁሉ ግዙፍ አባቶችና እናቶች ሥር፣ በቀኝ ጥግ፣ አንዲት ሽምብራ የምታክል ፊት በራች። አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ጉርምርምታ ተሰማ።

የሆነውን ነገርኳቸው። “ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ አሳንሱን በሏቸው። ሌላ መፍትሔ የለውም” አልኳቸው።

 ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ግድግዳው ላይ ካባ ለብሰው የሚታዩት፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። “የወለድካት ልጅ ናት እንዲህ ያዋረደችህ?” አሉኝ፤ ከልባቸው አዝነውልኝ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። ሌሎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ምን ልበላቸው? እኔም ካለፈው ሰኞ በፊት ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው። ኮፍያዬን አድርጌ፣ በትሬን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ልወጣ ስል ከኋላዬ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ፌቨን ናት፤ ሹራቧን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

“አቶ ሮቤል” አለች በሹክሹክታ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሟት። “ልጅዎ የኔን ልጅ ታናግርልኝ ይሆን? እኔ ብለው እሺ አይለኝም። ያከብረኛል።”

“ታናግርልዎታለች” አልኳት። “አሁኑኑ እንሂድ።”

በሩ አየኝና ተከፈተ። እኔ ወጥቼ እሷ ደፉ ላይ ስትደርስ ሊዘጋባት ጀመረ። በትሬን መሐሉ አስገባሁ፤ በሩ እያቃሰተ ቆመ። ክንዷን ይዤ አወጣኋት፤ ከዚያ በትሬን ሳብኩ።

“አንድ ሰው ወጥቷል” አለ በሩ፤ ተዘጋ።